ቆሎ የሰበረው መንጋጋዬ፦ ጥቁሩ ሙሌት ይውጣ ወይስ ይቀመጥ?

ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ባለፈው ሳምንት ከአምባሳደር ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር፣ ሽምብራው መሃል ድንጋይ ይኑር አይኑር እንጃ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁና በግራ የታች መንጋጋዬ ላይ የነበረው ጥቁር ሙሌት ግማሹ የጥርሱን አንድ ጠርዝ ይዞ መዳፌ ላይ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጠጠር መስሏቸው የዘንድሮ ቆሎ እኮ አይለቀምም ብለው አዘኑልኝ፣ ጥርሴ ነው እትዬ ማለት ከበደኝና ዝም ብዬ በሶፍት ጠቀለልኩት።

ያስሞላሁት 12ኛ ክፍል ሆኜ ነው፣ 17 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። በቀኝ በኩል የሱ ዓይነት ሌላ ሁለት አለኝ። ሁለት ክሊኒክ ዞርኩ። የመጀመሪያው ሐኪም ገና አፌን ስከፍት ሦስቱም ይውጡ፣ ሜርኩሪ ነው፣ በነጭ እንቀይረው አለኝና ሂሳቡን በካልኩሌተር መታ መታ አደረገው። ሁለተኛዋ ራጅ አንስታ ሁለቱ ደህና ናቸው አትነካኪያቸው፣ የተሰበረው ግን ጠርዙ ስለሄደ ነገ ዛሬ ሽፋን ሊያስፈልገው ይችላል አለች። ሁለቱም ተማሩ፣ ሁለቱም ነጭ ጋውን ለበሱ፣ እኔ ማንን ልመን?

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ደህና ያሉትን ጥቁሮች ላስወጣ ወይስ ልተዋቸው? የተሰበረው ላይስ ምን ይግባ?

(ክሩ ከተጠበቀው በላይ ስለረዘመ፣ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከታች ሰብስቤያቸዋለሁ። የተሰዳደባችሁትን ትንሽ አለዝቤዋለሁ።)

ምላሽ 1 — በ5 ደቂቃ የደረሰ ወንድም። ነገ ዛሬ ሳልል ሁሉንም እንዳስወጣ፣ ሜርኩሪ ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው መርዝ መሆኑን፣ አንጎል እንደሚበላ ነገረኝ። ማስረጃው ዩቲዩብ ላይ ያየው ጭስ የሚያወጣ ጥርስ ነው። ልቡ ቅን ነው፣ ቃለ አጋኖው ግን ለብቻው ሁለት መስመር ይሆናል።

ምላሽ 2 — ቅርንፉድ ነክሼ እንድተኛና ሆስፒታል የሚባል ደጅ እንዳልረግጥ የመከረች እህት ናት። ቅርንፉዱ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ አትርሱት።

ምላሽ 3 — እዚህ ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። 11 ዓመት ጥርስ እንዳከመ የገለጸ ሐኪም ነው፣ እህቴ እያለ በትህትና ጀምሮ ረጅም ጻፈ። ጥቁሩ ሙሌት አማልጋም እንደሚባል፣ በክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ መሆኑ እውነት እንደሆነ፣ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ተፈጭቶ እንደሆነ አስረዳ። ሲደባለቁ ግን እርስ በርስ ተያይዘው ይጠጥራሉ፣ እንደ ቴርሞሜትሩ ሲንከባለል የሚኖር ፈሳሽ የለም። ስናኝክ በጣም ጥቂት ትነት ይወጣል፣ ትነቱ የሚበዛው ግን ሙሌቱ ሲገባና በመቦርቦሪያ ተፈልፍሎ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ከሜርኩሪ ልሽሽ ብሎ ደህናውን ሙሌት ማስፈልፈል ወደ ሜርኩሪው መሄድ ነው፣ በዛ ላይ በተፈለፈለ ቁጥር ከደህናው ጥርስም አብሮ ይነሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ባወጣው ማሳሰቢያም ነፍሰ ጡሮች፣ ትንንሽ ልጆች፣ የኩላሊትና የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አዲስ አማልጋም ባያስገቡ ይመረጣል ካለ በኋላ፣ በደህና ሁኔታ ያለውን ግን የሕክምና ምክንያት ከሌለ አታስወጡ ማለቱን ጨመረ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ከዚህ በታችም እንደዛው ነው።

ምላሽ 4 — አምርሮ መጣ። እንደዛ ደህና ከሆነ አውሮፓ ለምን ከለከለው? እነሱ የጣሉትን እኛ አፍ ውስጥ ነው ወይ የሚደፋው? ሐኪሙን የከረመበትን ዕቃ ሊጨርስብን ነው እስከማለት ደረሰ። አነጋገሩ ከረረ እንጂ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም በልቤ ይዤው ነበር።

ምላሽ 5 — ያው ሐኪም ተመለሰ፣ ሳይቆጣ። በ2013 የተፈረመውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ስሙን ያገኘው የፋብሪካ ሜርኩሪ ባህር ገብቶ ዓሣውን የበላው ሕዝብ ከተመረዘበት የጃፓን ከተማ ነው፣ የአማልጋምም አጠቃቀም እንዲቀንስ የተስማሙት ዋናው ጭንቀት ከክሊኒክ ቧንቧ ወጥቶ ወንዝና አፈር ውስጥ ስለሚገባው ነገር ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 አጋማሽ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አስቀረው፣ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የግድ ካልሆነ በቀር ለሁሉም። ይሄ ግን አዲስ አታስገቡ ነው እንጂ ያለውን ንቀሉ አይደለም። ምላሽ 4 ከዚህ በኋላ ላይክ ብቻ አድርጎ ጠፋ፣ ሐበሻ ይቅርታ ሲጠይቅ እንደዚህ ነው።

ምላሽ 6 — ይሄን ሰው ወድጄዋለሁ። ጋራዥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፣ ስለ ጥርስ ምንም እንደማያውቅ አስቀድሞ ተናዘዘ። ግን ነጩ ነገር የሚለጠፍ ከሆነ ችግሩ ዕቃው ላይ ሳይሆን የሚለጠፍበት ላይ ነው የሚሆነው ብሎ ጠረጠረ። ላሜራ በአሲድ ካልተጠረገና ድርቅ ካላለ የጀርመን ቀለም ብትቀባው በስድስት ወር እንደ ድንች ልጣጭ ይነሳል፣ አፍ ውስጥ ደግሞ ምራቅ አለ፣ እንዴት ነው የሚያደርቁት?

ምላሽ 7 — የጥርስ ክሊኒክ ነርስ፣ ምራቅ መሳቢያውን የምትይዘዋ ማለት ናት። ቀለም ቀቢው ሳያውቅ እውነቱን እንደነካው ነገረችን። ቦኖኮር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1955 ጥርስን በፎስፎሪክ አሲድ አሻክሮ ፕላስቲክ የሚያጣብቅበትን መንገድ ያሳየው፣ ብረት ላይ ቀለም እንዲይዝ አሲድ ይቀባ ከነበረበት ከፋብሪካ ሥራ ሐሳቡን ወስዶ ነው። ነጩ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል፣ ደቃቅ የመስታወት ዱቄት የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ነው። አሠራሩን በተራ ጻፈችው፣ መጀመሪያ አሲዱ ጄል ሆኖ ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ማጣበቂያው ይቀባል፣ ከዛ ዕቃው 2 ሚሊ ሜትር 2 ሚሊ ሜትር እየተደረበ እያንዳንዱ ንብርብር በሰማያዊ መብራት ይጠጥራል። ቸኩሎ በአንዴ የሞላ ሰው ላዩን አጠጥሮ ታቹን ለስላሳ ይተወዋል። ሲጠጥር ደግሞ ከመቶ 2 ወይ 3 ያህል ይኮማተራል፣ ጥንቃቄ ከጎደለ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይፈጠርና በዛ በኩል ባክቴሪያ ይገባል።

ስለ ማድረቁ ያለችው ይሄ ክር ውስጥ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ከማጣበቂያው በፊት አንዲት ጠብታ ምራቅ ከነካችው ሥራው ተበላሽቷል፣ ከአሲዱ መጀመር ነው። ለዛ ነው ራበር ዳም የሚባል፣ ጥርሱ ብቻ በቀዳዳ ብቅ የሚልበት የላስቲክ አንሶላ ያለው። ጊዜ ይወስዳል፣ ታካሚውም ታፈንኩ ይላል፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ በጥጥ ብቻ ይሠራል፣ በጥጥም ጠንቃቃ እጅ ካለ ይሆናል፣ የኋላ የታች መንጋጋ ላይ ግን ምላስና ምራቅ አንድ ላይ ስለሚመጡ ፈተና ነው። አማልጋም ከጥርሱ ጋር ስለማይጣበቅ፣ በተቆፈረው ቅርጽ ተወትፎ ስለሚይዝ፣ ትንሽ እርጥበት ይችላል። አያቶቻችን አፍ ውስጥ ያለው ዛሬም ያልወጣው ለዚህ ነው።

ምላሽ 8 — ነጭ ሙሌት እያስሞላ መብራት የሄደበት ሰው። አፉን እንደከፈተ ጄኔሬተር እስኪነሳ በስልክ ባትሪ ጣሪያ ሲያይ ነበር። ሰማያዊው መብራት አብሮ ስለጠፋ ሙሌቴ ጥሬውን ነው የቀረው የሚል ጥርጣሬ አለው። ነርሷ መለሰችለት፣ መብራቱ ብዙውን ጊዜ ቻርጅ የሚደረግ ስለሆነ እሱ አይጠፋም፣ የሚቆመው መቦርቦሪያውና ምራቅ መሳቢያው ነው፣ መፍራት ያለበትም ምራቁን ነው። የባሰ አስፈራችው።

ምላሽ 9 — እህታችን ነጩን አስሞልታ በ8 ወሩ ከእንጀራ ጋር ወጣ። ስትመለስ ጥሬ ቆርጥመሽ ነው ተባለች፣ አልቆረጠምኩም አለች፣ እንግዲያው ቆሎ ነው ተባለች። ድጋሚ አስከፈሏት። የት እንደሆነ እንዳትጽፍ ለመንኳት፣ እሺ ብላለች።

ምላሽ 10 — አንድ ወጣት ተነስቶ ኮምፖዚት እንዲያው የድሃ ልጅን ማታለያ ነው ብሎ ደመደመ። ማንም አልመለሰለትም። ራሱም አልቀጠለም።

ምላሽ 11 — ጋሼ መጡ። ዕድሜያቸውን አልጻፉም፣ ግን አማልጋሙን በደርግ ጊዜ የኩባ ሐኪም እንደሞላቸውና እስካሁን ሦስት መንግሥት እንዳየ ጽፈዋል። አንድ ጊዜ ብቻ በበረዶ ውሃ ተሰምቷቸዋል፣ እሱንም በረዶ መጠጣት በመተው አከሙት። የላይ የውሻ ጥርሳቸው ደግሞ ወርቅ ነው፣ ልጆቻቸው ለሠርግ ፎቶ ሲነሱ አባዬ አፍህን ግጠም ይሏቸዋል፣ እሳቸው ግን አይገጥሙም። ወርቅ አይዝግም፣ የሚገጥመውን ጥርስም እንደ ሸክላ ጥርስ አይፍቅም ብለው ተከራከሩለት፣ ሐኪሙም በኋላ ትክክል ናቸው ጋሼ ብሎ አጸደቀላቸው፣ ንጹህ 24 ካራት ለማኘክ ስለሚለሰልስ ከብርና ከመዳብ ጋር እየተቀላቀለ እንደሚሠራ ብቻ ጨምሮ።

ምላሽ 12 እስከ 16 — ጨዋታው አመለጠ። አንዱ ፒያሳ ያሉ ወርቅ ቤቶች ጥርስ ይሠሩ እንደሆነ ጠየቀ፣ ሌላው ለጌጥ የምትሰካ ልባስ ከሆነች ከሥሯ ምግብ እየያዘች ደህናውን ጥርስ እንደምታበሰብስ አስጠነቀቀ። ከወርቅ ቤት ወደ ኮሪደር ልማት ገቡ፣ ከዛ የፈረሰው ሰፈር ውስጥ የነበረው ጭኮ ቤት የት ተዛወረ የሚል ነገር ተነሳ፣ ከዛ ስለ አያቷ የድድ ንቅሳት የጻፈች ልጅ መጣች፣ ጥቁር ሰማያዊ ድድ ላይ ነጭ ጥርስ ሲስቅ እንዴት እንደሚያምር። እኔ ጥርሴ ተሰብሮ ቁጭ ብዬአለሁ እናንተ ጭኮ አልኩና መለስኳቸው። በነገራችን ላይ ጭኮ ቤቱ አልተገኘም።

ምላሽ 17 — የሁለት ልጆች እናት። የትልቁ ልጇ 6 ዓመት ሞልቶታል፣ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ብቅ ብሏል፣ ሐኪሙ ጥርሱ ላይ ያሉትን ጎድጓዳ መስመሮች በስስ ፕላስቲክ እንድፈናቸው፣ ፍሎራይድም ልቀባው ስላላት ፈራች። የወተት ጥርስ ሊወልቅ ምን ያስደፍናል ነው አንዱ፣ ሁለተኛው ደግሞ የባሏ ቤተሰብ ወንጂ ስለሆነ ፍሎራይድ ሲባል ቡናማ ጥርስ ነው የሚታያት።

ምላሽ 18 — ወንጂ ያደገ ወንድም ራሱ መጣ፣ ቃናው የተከፋ ሰው ነው፣ ስንት ዓመት አፉን በእጁ ሸፍኖ እንደሳቀ ይታወቃል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከወንጂ እስከ መተሃራና ዝዋይ የጉድጓድ ውሃው ከዐለቱ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ እነሱ ልጅ ሳሉ ይጠጡት የነበረው ከዛ በብዙ የሚያልፍ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነው የሚጎዳው፣ አንዴ ከወጣ በኋላ የምትቦርሺበት ጥርስ አያጠቁርም። ስለዚህ ለእናትየው፣ ቡናማ ያደረገን የሳሙናው ፍሎራይድ አይደለም፣ የማሰሮው ውሃ ነው ብሎ ዘጋ። ሸክላ ልባስ አሠርቶ ከ30 ዓመቱ በኋላ ገና ፎቶ እንደተነሳም ጽፏል። ይሄን ሳነብ ስለ ጭኮ የጻፉትም ዝም አሉ።

ምላሽ 19 — ነርሷ ለእናትየው። ከወተት ጥርሶች ኋላ በ6 ዓመት የሚወጣው መንጋጋ የወተት ጥርስ አይደለም። የማንንም ቦታ ሳይተካ ስለሚወጣ ወላጅ ሁሉ የሚሳሳትበት ነው፣ እሱ ከወለቀ ሌላ የለውም። ድፈናው የሚሠራው ሳይቦረቦር ነው፣ መርፌ የለው መቦርቦሪያ የለው፣ ተመሳሳዩ በ12 ዓመት ገደማ ለሚመጣው ሁለተኛ መንጋጋም ይደረጋል። የሚቀባው ፍሎራይድ ከጥርስ ሳሙናው እጅግ ይጠነክራል፣ ሳሙናው ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ፍሎራይድ እንደሆነ ማለት ነው) ሲሆን ይሄ 22,600 ነው፣ ግን የሚቀባው ጠብታ ያህል ነው፣ እንደ ቫርኒሽ ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፣ በዓመት የሚደረገውም ጥቂት ጊዜ ነው። ቁጥሩን አይታ እንዳትደነግጥ መጠኑን አስባ እንድትረጋጋ ነው የፈለገችው፣ እናትየው ግን መጀመሪያ በቁጥሩ ደነገጠች።

ምላሽ 20 — ሌላ እናት። የሷ የ3 ዓመት ልጅ ፊት ጥርሶቹ ተበልተው መቀመጥ እምቢ ስላለ ብር ያለበት ፍሎራይድ፣ 38 ፐርሰንት የሚሉት ፈሳሽ፣ ተቀብቶለት መበስበሱ ቆመ፣ የተበላው ቦታ ግን እንደ ከሰል ጠቆረ። አማቷ ልጁን ምን አደረጋችሁት ብለው አለቀሱ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ እሱን፣ የፍሎራይድ ሳሙናንና ግላስ አዮኖመር የሚባለውን ሙሌት እንዳስገባ ሐኪሙ ነግሯታል፣ ዝርዝሩን ለአማቷ አሳየቻቸው፣ አላረጋጋቸውም።

ምላሽ 21 — ግላስ አዮኖመር የሚለውን ስም ሲያይ የነቃ ሰው ነው፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቶ አሁን አዲስ አበባ የገባ። ዕቃውን ዊልሰንና ኬንት የሚባሉ እንግሊዞች በ1960ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ አግኝተው በ1972 ለዓለም አሳወቁት፣ የመስታወት ዱቄት ከአሲድ ጋር ይቦካል፣ ራሱን ችሎ ከጥርስ ጋር ይጣበቃል፣ መብራት አይፈልግም፣ ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ጎረቤት ታንዛኒያ መብራት በሌለበት መንደር የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በእንደዚህ ዓይነት ዕቃ መሙላት ተጀምሮ ዛሬ ዓለም ይሠራበታል። ኩራቱ ይታያል። ግን ለኔ አልመከረልኝም፣ ጠርዙ የሄደ ትልቅ መንጋጋ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ለጊዜው ካልሆነ። ዕቃውን እንደዛ አወድሶ ላንቺ አይሆንም ያለ ሰው፣ አመንኩት።

ምላሽ 22 — ቅርንፉድ ተመለሰ፣ ሥራውን የምትወድ የፋርማሲ ተማሪ ይዛው። ቅርንፉዱ ውስጥ ያለው ዩጂኖል እውነትም ያደነዝዛል፣ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተቦክቶ ጊዜያዊ ሙሌት ይሆናል፣ ክሊኒክ ስንገባ የሚሸተን እሱ ነው። ሐኪሙ ከሥር አንድ ነገር ብቻ አከለ፣ ዩጂኖል ነጩ ሙሌት በደንብ እንዳይጠጥር ያውካል፣ ስለዚህ ነጭ ልታስሞሉ የምትሄዱ ሰዎች ቀዳዳውን በቅርንፉድ ዘይት ነክራችሁ አትምጡ፣ ከመጣችሁም ንገሩን። ነጭ ሽንኩርትና አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም ድዱን ያቃጥላል እንጂ ጥርሱን አያድንም። ምላሽ 2 ቅር አላት፣ እናቷ ያሳደገቻት በዛ ነው። ማንም እናቷን አልነካም።

ምላሽ 23 — ማንም ሳይጠይቀው ነርቭ ስለማስገደል የጻፈ ሰው። የጥርስ ሥር ቦይ የሚታጠበው በበረኪናው ዓይነት ፈሳሽ፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ነው፣ ከታጠበ በኋላ የሚሞላው ጉታ ፐርካ ደግሞ የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ሙጫ ነው፣ በ1850ዎቹ ከባህር በታች የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ የተለበጠው በሱ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ምላሽ 24 ግን የተጠየቀው ሙሌት ነው ቴሌን ምን አመጣው ብሎ አፈረጠው።

ምላሽ 25 — የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ሽፋኖቹን የሚሠራው። ጠርዝ የጎደለው መንጋጋ ላይ የገባ ሙሌት ስታኝኪ እንደ ሽብልቅ እየገፋ የቀረውን ግድግዳ ሊሰነጥቀው እንደሚችል፣ ሽፋን የሚባለው ነገር ጥርሱን እንደ ቆብ ዙሪያውን የሚይዘው ለዛ እንደሆነ አስረዳ። ውስጡ ብረት ላዩ ሸክላ የሆነው ከረምረም ብሎ ሸክላው ሊላጥ ይችላል፣ አንዳንዱ ብረት ደግሞ ኒኬል አለበት፣ የጆሮ ጌጥ የሚያሳክከው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ዚርኮኒያ የሚባለው ነጩ ጠንካራ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት ግን ላዩ በደንብ ካልተወለወለ የሚገጥመውን ጥርስ ይፍቃል።

መጨረሻ ላይ የጻፋት ነገር ግን ከሽፋኑ በላይ ከነከነችኝ። ሰው ስልክ ሲገዛ ሞዴሉን ያውቃል፣ ጎማ ሲቀይር ደረሰኙን ይይዛል፣ አፉ ውስጥ ለ15 ዓመት የሚቀመጠውን ዕቃ ስም ግን አይጠይቅም። ላብራቶሪ የሚመጣለት ሥራ ላይ የድሮው ምን እንደነበር ሲጠይቅ ታካሚውም ክሊኒኩም አያውቁም፣ በቀለም ይገምታሉ። ተነስቼ የድሮ ካርዴን ፈለግኩ፣ እናቴ ፋይል ታጠራቅማለች፣ ተገኘ። ቀን አለ፣ የከፈልኩት ብር አለ፣ ሙሌት የሚል ቃል አለ። በቃ።

ምላሽ 26 — ቴክኒሺያኑን ሽፋን ለመሸጥ ነው የመጣኸው ብሎ የዘለፈ። ምላሽ 27 — ቴክኒሺያኑ፣ ስልክም አድራሻም እንዳልጻፈ፣ ሥራም እንዳልጠፋበት በአንድ መስመር። አስተዳዳሪው ሁለቱንም በሰላም ብሎ አለፈ።

ምላሽ 28 — እኔ ነኝ። ማክሰኞ ወደ ሁለተኛዋ ሐኪም ተመለስኩ፣ ሦስት ነገር በስልኬ ጽፌ ይዤ፣ የምታስገቢው ዕቃ ስሙ ማነው፣ ምራቁን እንዴት ነው የምታርቂው፣ ቢሰበር ቀጥሎ ምንድነው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዛ ወንበሩን አቅርባ ተቀመጠች። የቀረውን አማልጋም ውሃ እያፈሰሰች፣ ምራቅ መሳቢያው አጠገቡ ሆኖ፣ ትልልቁን ቁራጭ እየሰበረች አወጣችው። ላስቲኩን ዘረጋችልኝ፣ እንደተባለው ታፈንኩ፣ ግን ምላሴ ሥራ ስለፈታ ብቻ ነው እንጂ በአፍንጫ ይተነፈሳል። ከሥር አንድ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘች፣ ወደ ሥሩ አልወረደችም። ኮምፖዚት እየደረበች የሄደውን ጠርዝ ሠርታ የቀረውንም ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አለበሰችው። ለጥቂት ሳምንት ዝም ካለ ወደ ሽፋን፣ ካላለ ሌላ ወሬ። የቀኙን ሁለቱን ጥቁሮች በመስታወት አሳይታኝ ተወቻቸው። ካርዴ ላይ ኮምፖዚት፣ ቀለም ኤ3፣ ቀኑንና ስንጥቋን ጻፈችልኝ፣ የዕቃውንም ስም ከነቁጥሩ ከማሸጊያው ገልብጣ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደውሎ መቼ ትመጫለሽ አለኝ፣ ቆይቼ አልኩ።

ምላሽ 29 — ጋሼ እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉኝና ቆሎውን ከየት እንደገዛሁ ጠየቁ። ስታዲየም ጋ ከቆመች ልጅ ነው፣ ግን ሽምብራውን ለይታችሁ ግዙ።

ምላሽ 30 — ነርሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ ማደንዘዣው ከለቀቀሽ በኋላ ጥርስሽን ስትገጥሚ የቱ በኩል ቀድሞ ይነካል? ሙሌቱ ከፍ ማለቱን የሚያዩበትን ሰማያዊ ካርቦን ወረቀት ሲያስነክሱን አፋችን ደንዝዞ ስለሆነ አጣመን እንነክሳለን፣ ትንሽ ከፍ ያለች ሙሌት ደግሞ እያደር ጥርሱን ታሳምማለች። እያነበብኩ ገጠምኩት። ግራው ቀደመ። ድጋሚ ገጠምኩት፣ ግራው። ሐሙስ ሥራ ሳልገባ በ2 ሰዓት ሄጄ አስሞርደዋለሁ።